ጨርቁና መንገዱ

ሸማኔ ድሩን ሳያደራ ማጉን አይወረውርም። ድርና ማግ ካልተገናኙ ጨርቅ የሚባል ነገር የለም። የፋብሪካም ነገር እንደዚሁ ነው። ሕንፃውና መኪናው ማጉ ቢሆኑ፣ ድሩ መንገዱ ነው፤ ይኸውም ጥሬ ዕቃው የሚመጣበት፣ ሠራተኛው የሚገባበት፣ ያለቀው ዕቃ የሚወጣበት መንገድ ማለታችን ነው። እኛ ግን የኢንዱስትሪን ታሪክ ስንማር ማጉን ብቻ እየቈጠርን ድሩን እንተወዋለን። ማን ምን መኪና እንደ ፈጠረ እናውቃለን፤ ለፈተናም እንጽፈዋለን። ጥጡ ከማን እጅ መጣ፣ ጨርቁስ በማን ትከሻ ላይ ዐረፈ ብለን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን።

በዚህ እትም ስለ አንዲት የፈትል መንደር ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ነው። መንደሪቱ ሎዌል ትባላለች፤ አገሯም በሰሜን አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ነው። «ስለ ሩቅ አገር መንደር ማውራት ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው ይታገሠን፤ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ወደ ራሳችን ደጃፍ ይደርሳልና። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ሜሪማክ የተባለው ወንዝ ፖታኬት ከሚባለው ፏፏቴ ሲደርስ፣ በአጭር ርቀት ውስጥ 10 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ፔናኩክ የተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች በዚህ ስፍራ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። በኋላም ነጮች ሰፍረውበት ምሥራቅ ቼልምስፎርድ የተባለ የገበሬዎች መንደር ሆነ። በዚያን ዘመን ፏፏቴው ለመንደሩ ሰዎች በረከት ሳይሆን እንቅፋት ነበር፤ ከላይኛው አገር በወንዙ የሚንሳፈፈው ግንድ ወደ ባሕር ዳርቻ፣ መርከብ ወደሚሠራበት ወደ ኒውቤሪፖርት እንዳይወርድ መንገድ ይዘጋበት ነበርና። ስለዚህ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ፏፏቴውን የሚዞር ቦይ አስቈፈሩ፤ በ1796 ተከፈተ። የፖታኬት ቦይ የሚባለው ይህ ነው።

ነገር ግን ሰባት ዓመት እንኳ እፎይ ሳይሉ ሌላ ቦይ መጣባቸው። በ1803 የተከፈተው የሚድልሴክስ ቦይ ከዚያው ከሜሪማክ ወንዝ ተነሥቶ 43 ኪሎ ሜትር ያህል አገር አቋርጦ እስከ ቦስተን ወደብ ይደርስ ነበር። በፈረስ የሚጐተቱ ታንኳዎች እንጨቱንና እህሉን በቀጥታ ወደ ትልቁ ከተማ ያደርሱ ጀመር። ንግዱ ከኒውቤሪፖርት ወደ ቦስተን ዞረ፤ የፖታኬት ቦይም ገቢው መነመነ። መንገድ ከመንገድ ሲወዳደር የሚሆነውን በዚህ ልብ ይሏል፤ ቀድሞ መቈፈር ብቻውን አያድንም፤ ገበያው ወዳለበት የሚወስደው ያሸንፋል።

አሁን ደግሞ ወደ መኪናው እንምጣ። ፍራንሲስ ካቦት ሎዌል የተባለው የቦስተን ነጋዴ ከ1810 እስከ 1812 በእንግሊዝ አገር ቈይቶ የጥጥ ፋብሪካዎችን እየተዘዋወረ ተመለከተ። እንግሊዞች የሽመና መኪና ሥዕልም ሆነ ሞዴል ከአገራቸው እንዳይወጣ በሕግ ከልክለው ነበር። ሰውዬው ግን ያየውን በልቡ ጽፎ ተመለሰና፣ ፖል ሙዲ ከተባለ ብልህ መካኒክ ጋራ በ1814 ዋልታም በተባለ ስፍራ የሽመና መኪና አቆመ። ጥሬው ጥጥ በአንዱ በር ገብቶ፣ ተባዝቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅነት በሌላው በር እንዲወጣ አደረገ። በዋልታም የነበረው ወንዝ ግን ትንሽ ስለ ነበረ፣ ሥራውን ለማስፋት አልቻለም። ሎዌል በ1817 ሞተ። ባልንጀሮቹ ኀይለኛ ውሃ ሲፈልጉ በ1821 የፖታኬትን ፏፏቴ አገኙ፤ ከፏፏቴውም ጋራ ሥራ ፈቶ የነበረውን ቦይ አብረው ገዙት።

ብልሃታቸውም ይህ ነው። ለታንኳ መንገድ ተብሎ የተቈፈረው ቦይ ለመዘውር መንጃ ሆነ። የአየርላንድ ስደተኞች በዶማና በአካፋ አሰፉት፤ ቅርንጫፍ ቦዮችም አወጡለት። በየቅርንጫፉ ዳር ፋብሪካ ተሠራ፤ ውሃው ከቦይ ወደ ወንዝ ሲወድቅ መዘውሩን ያዞራል፤ የመዘውሩም ኀይል በጠፍርና በብረት ዘንግ አማካይነት እስከ ላይኛው ፎቅ ድረስ እንዝርቱንና የሽመናውን መኪና ይነዳል። የመጀመሪያው ጨርቅ በ1823 ተሠራ። በ1826 መንደሪቱ ራሷን የቻለች የከተማ ማዘጋጃ ሆና በሟቹ ስም ሎዌል ተባለች፤ በ1836 ደግሞ ከተማ ተባለች። ስሙ የተሰጠው ሰው ግን በዐይኑ ሳያያት ነው የሞተው።

ፋብሪካው ከተስፋፋ በኋላ የመንገዱ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ጥጡ ከደቡብ ወደቦች በመርከብ እስከ ቦስተን ይመጣል፤ ከቦስተን እስከ ሎዌል ግን በቦይ ታንኳ ወይም በፈረስ ጋሪ ነው። በክረምት ቦዩ በረዶ ይሆናል፤ ታንኳውም ይቆማል። መኪና ደግሞ «በረዶው እስኪቀልጥ ልጠብቅ» አይልም። ስለዚህ የፋብሪካው ባለቤቶች ራሳቸው የምድር ባቡር ለመሥራት በ1830 ፈቃድ አወጡ፤ በ1835 የቦስተንና የሎዌል ምድር ባቡር ሥራውን ጀመረ። በአሜሪካ አገር ቀደምት ከሚባሉት የባቡር መንገዶች አንዱ ነው። መሐንዲሶቹ ሐዲዱ ለዘለዓለም እንዲኖር ብለው በጥርብ ድንጋይ ላይ አነጠፉት፤ ነገር ግን ድንጋዩ ፈጽሞ የማይለመጥ ስለ ሆነ ሠረገላውንና የባቡሩን መኪና ያንገጫግጭና ይሰብር ጀመር፤ በኋላም በእንጨት መተካት ግድ ሆነ። ከመጠን ያለፈ ጥንካሬ ራሱ ድካም እንደሚሆን የምሕንድስና ተማሪዎች ከዚህ ይማሩ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። ለባቡሩ መንገድ ሥራ የሚያስፈልገውን ዕቃ ሲያመላልስ የነበረው ያው የሚድልሴክስ ቦይ ነው። ከእንግሊዝ አገር የተገዛውም የባቡር መኪና ተፈታትቶ በቦዩ ታንኳ እስከ ሎዌል ተጓጓዘ። ቦዩ የራሱን ገዳይ ተሸክሞ መጣ ማለት ነው። ባቡሩ ከተከፈተ በኋላ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ በቦዩ ላይ የሚሄድ ጭነት ፈጽሞ ቀረ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ውሃ፣ ስለ ድንጋይና ስለ ብረት ነው። ብዙዎቹ የታሪክ መጻሕፍትም ከዚህ ላይ ነጥብ አድርገው ያበቃሉ። የእኛ ነገር ግን ገና ከዚህ ይጀምራል። በዚህ መንገድ ላይ ሦስት ዐይነት ሰዎች ነበሩ፤ በመካከሉ የምትሸምን፣ በአንደኛው ጫፍ ጥጥ የሚለቅም፣ በሌላው ጫፍ ጨርቁን የሚለብስ።

በመካከል የነበሩት በአብዛኛው ከኒው ኢንግላንድ የገበሬ ቤት የመጡ ልጃገረዶች ናቸው። በጋሪ እየተጫኑ መጥተው በኩባንያው ቤት በጋራ ያድራሉ፤ ደወል ሲደወል ይነሣሉ፤ ደወል ሲደወል ይበላሉ፤ በሳምንት 73 ሰዓት ያህል ይሠራሉ። ኩባንያዎቹ ልጃገረዶቹን ለጐብኚ እያሳዩ «እነሆ የሠለጠነ ፋብሪካ!» ይሉ ነበር። በ1834 ግን ደመወዛቸው ሊቀነስ ሲል 800 ያህል ሴቶች ሥራ አቁመው በአደባባይ ወጡ። አልሆነላቸውም። በ1836 ለማደሪያና ለቀለብ የሚከፍሉት ሲጨመርባቸው እንደገና አደሙ፤ በዚህ ጊዜ ከኩባንያዎቹ አንዳንዶቹ ጭማሪውን ለመተው ተገደዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለድር ሠራተኞች ሳይሆን ለማን ሊሆን ነው?

ለዚህ ጋዜጣ አንባቢና ጸሐፊ ደግሞ የሚከተለው ከሁሉ ይበልጥ የሚነካ ይመስለናል። እነዚህ ሴቶች ከ1840 እስከ 1845 «የሎዌል መባ» የሚባል የራሳቸውን መጽሔት ጽፈዋል። ቀን በመኪና ዳር ቆመው የዋሉ ጣቶች ሌሊት ብዕር ይይዙ ነበር። ዝናውም እስከ እንግሊዝ አገር ደረሰ። ነገር ግን መጽሔቱ በኩባንያዎቹ ዘንድ የተወደደ ነበርና፣ ስለ ሥራው ሰዓት ርዝመትና ስለ ደመወዙ ማነስ አፉን ሞልቶ አይናገርም የሚል ወቀሳ ተነሣበት። ከወቃሾቹ አንዷ ራሷ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረችው ሣራ ባግሌይ ናት። እርሷና ጓደኞቿ የሴቶች የሠራተኛ ማኅበር አቋቁመው፣ «የኢንዱስትሪ ድምፅ» በሚባለው ጋዜጣ የልባቸውን ይጽፉ ጀመር። የሥራው ቀን 10 ሰዓት እንዲሆን ለግዛቱ ምክር ቤት ፊርማ አሰባስበው አቀረቡ፤ በ1845 በምክር ቤቱ መርማሪዎች ፊት ቀርበውም መሰከሩ። ምክር ቤቱ ቃላቸውን ሰምቶ ጥያቄያቸውን ወደ ጐን አደረገው። ለሴቶችና ለልጆች የ10 ሰዓት ሕግ በማሳቹሴትስ የወጣው በ1874 ነው። ወረቀትና ቀለም ያለው ሁሉ ድምፅ አለው ማለት አይደለም፤ ያማረ ጽሑፍና የሚያስፈልግ ጽሑፍም አንድ አይደሉም።

ወደ መንገዱ መነሻ እንሂድ። የሎዌል እንዝርት ይፈትለው የነበረው ጥጥ የአሜሪካ ደቡብ ጥጥ ነው፤ የለቀሙትም ከአፍሪቃ ተነጥቀው የተሸጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው፤ በባርነት፣ በጅራፍ ሥር። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በሎዌል ፋብሪካዎች ከሚሸመነው ሻካራ ጨርቅ አንዳንዱ ተመልሶ ለደቡብ ባለርስቶች ይሸጥ ነበር፤ ባለርስቶቹም ለባሮቻቸው ያለብሱት ነበር። ባሮቹም የዚህን ዐይነት ጨርቅ ስም «ሎዌል» እያሉ ይጠሩ ነበር። የከተማይቱ ስም ለባለአክሲዮኑ ክብር ሲሆን፣ ለባሪያው ደግሞ ገላውን የሚፍቅ ልብስ ነበር። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣና የደቡብ ጥጥ ሲቋረጥ ከሎዌል ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ቆሙ። ያን ጊዜ ድሩ የት ድረስ እንደ ተዘረጋ ለሁሉ ታየ።

ከእኛ ደጃፍ የሚያደርሰው የመንገዱ ሌላው ጫፍ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በማሳቹሴትስ የምትገኘው የሴለም ወደብ ነጋዴዎች በኒው ኢንግላንድ ፋብሪካዎች የተሸመነውን ያልነጣ ጨርቅ በመርከብ ጭነው ወደ ዛንዚባር ያመጡ ነበር። የዛንዚባር ሰዎችም ከመጣበት አገር አንሥተው «መሪካኒ» አሉት። በእኛ አገር አቡጀዲ የምንለው ጨርቅ የዚሁ ወገን ነው። ከኒው ኢንግላንድ፣ በኋላም ከአሜሪካ ደቡብ ፋብሪካዎች እየመጣ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የአገራችንን የውጭ ጨርቅ ገበያ በአብዛኛው ይዞት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የጃፓን ጨርቅ ተካው። በመጀመሪያ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በግመልና በበቅሎ ወጣ። የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ በባቡር ሆነ። እንግዲህ ቅድመ አያቶቻችን ለለበሱት እጀ ጠባብ ዋጋ ሲከፍሉ፣ በስም ለማያውቋት ለአንዲት ሸማኝ ደመወዝ፣ በስም ለማያውቁት ለአንድ ባለአክሲዮን ትርፍ ይከፍሉ ነበር ማለት ነው። የራሳችን ሸማኔ ደግሞ በጕድጓዱ ተቀምጦ በእግሩና በእጁ ሲሠራ፣ የተወዳደረው ከአንድ ጐረቤት ጋራ ሳይሆን ከፏፏቴ ጋራ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «የእኛ ሸማኔ ለምን አልበለጸገም?» ብሎ ሲፈርድ፣ ጥፋቱን በስንፍና ላይ ያሳብባል።

አሁን ስለ ቅርስ እንናገር። በ1920ዎቹ ፋብሪካዎቹ ርካሽ ጕልበት ወዳለበት ወደ ደቡብ ይሄዱ ጀመር፤ ሎዌልም ደኸየች። የቀሩት ፋብሪካዎች በ1950ዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ሕዝቡም ባዶውን ሕንፃ ባየ ቍጥር ውርደቱን ያስታውስ ነበርና፣ «ይፍረስ» አለ። የመጀመሪያው የሜሪማክ ኩባንያ ፋብሪካ ፈረሰ፤ በ1960ዎቹም ልጃገረዶቹ ይኖሩባቸው ከነበሩት የጥንት ቤቶች ብዙዎቹ ከተማን ለማደስ በሚል ሰበብ ተደመሰሱ። ይህን ጥፋት ተመልክቶ «ይህ ሁሉ ቦይ፣ ይህ ሁሉ ሕንፃ፣ ይህ ሁሉ የስደተኛ ታሪክ የከተማይቱ ልጆች መማሪያ ይሁን እንጂ ለምን ይቀበራል?» የሚል አሳብ አንሥተው ከተከራከሩት መካከል ዋናው ፓትሪክ ሞጋን ነው። ይህ ሰው ባለሀብትም ጄኔራልም አልነበረም፤ መምህር ነበር። ክርክሩ ፍሬ አፍርቶ በ1978 የሎዌል ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ። ዛሬ የቡት የጥጥ ፋብሪካ ሙዚየም ሲሆን የሽመና መኪናዎቹ በእውነት ይሠራሉ፤ ለጐብኚውም ጆሮውን የሚደፍንበት ይሰጠዋል። ለጥቂት ደቂቃ የማይቻለው ያ ድምፅ ለልጃገረዶቹ የዘወትር ኑሮ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ይገባዋል።

በፖታኬት ቦይ ላይም እስከ ዛሬ የሚታይ አንድ ትልቅ የእንጨት መዝጊያ አለ። በ1850 ጄምስ ፍራንሲስ የተባለው የቦዮቹ መሐንዲስ ከባድ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል ብሎ ሲያሠራው፣ ሰዎች «የፍራንሲስ ሞኝነት» እያሉ ሣቁበት። በ1852 ጎርፉ መጣ፤ መዝጊያው ወርዶ ከተማይቱን አዳነ። በ1936ም እንደገና አገለገለ። አሮጌ ነገር ሁሉ ዝገት ብቻ አይደለም ለማለት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ይሁን እንጂ የእኛ አሳብ «አሮጌ ሕንፃ ሁሉ ይጠበቅ» ማለት ብቻ አይደለም። ጡብን ጠብቆ እጅን የሚረሳ ቅርስ ግማሽ ቅርስ ነው። ሎዌል ታሪኳን ስትጠብቅ የባለቤቶቹን ስም ብቻ ጠብቃ ቢሆን ኖሮ፣ የኩራት ሐውልት እንጂ ትምህርት አይሆንም ነበር። ትምህርት የሚሆነው ቦዩን የቈፈረው አየርላንዳዊ፣ መኪናውን የነዳችው ልጃገረድ፣ ጥጡን የለቀመው ባሪያ፣ ጨርቁን የለበሰው አፍሪቃዊ በአንድ ድር ላይ ሲታዩ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። መምህሮቻችንን የምንለምነው፣ የኢንዱስትሪ ታሪክ ሲሰጥ መኪናው ከመንገዱና ከሰዎቹ ጋራ እንዲሰጥ ነው። የታሪክ፣ የምሕንድስናና የኢኮኖሚ ትምህርት ክፍሎች በየበኩላቸው ከሚያስተምሩት ቢያንስ አንዱን ርእስ በኅብረት ቢያስተምሩ፣ ድርና ማጉ ይገናኛል። ጓደኞቻችንን የምንለምነው ደግሞ፣ አቡጀዲውን ወደ መሀል አገር ያመጣው የቀድሞው የምድር ባቡር ነገር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጂቡቲ የሚሄደው አዲሱ መስመር በ2016 ተመርቋል፤ በአሮጌው መስመር ላይ ያገለገሉት ሰዎች ግን ከዓመት ወደ ዓመት እያለፉ ነው። በዕረፍት ጊዜያችን ወደየቤታችን ስንሄድ፣ በመስመሩ አጠገብ ያደግን ሁሉ አንድ ደብተር ይዘን፣ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት ፊት ቁጭ እንበል። ምን ትጭኑ ነበር? ከየት መጣ? ወዴት ሄደ? ስንት ተከፈላችሁ? ብለን እንጠይቅ፤ የነገሩንንም ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጻፍ። የሚመጣውን ጽሑፍ ይህ ጋዜጣ ያወጣዋል።

የሎዌል ልጃገረዶች 73 ሰዓት ሠርተው መጻፍ ከቻሉ፣ እኛ የምናቀርበው ምክንያት ከቶ ምን ይሆናል?